የደብል አልበሙ ሙግት

በዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክ አስተምራለሁ። ሥራዬ በአጭሩ «ማስረጃውን ሳታዩ አትደምድሙ» እያሉ መጮህ ነው። ከተማሪዎቼ መካከል ነገሬን ከልቡ የወሰደ ካለ ይህን ጽሑፍ ባያነብብኝ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው፣ እኔው መምህሩ አንድም ቀን ሰምቼው የማላውቀውን አልበም ከጉርምስና እስከ ሽበት ሳጣጥል መኖሬን ነው።

ነገሩ የሂፕሆፕ ነው። አንድ ራፐር የሚናገረው አልበቃ ብሎት በሁለት ሲዲ ሲያወጣው ደብል አልበም ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ፣ ጎንደር ውስጥ ከእኔና ከአንድ ጓደኛዬ በቀር እንቅልፍ የነሳው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ፋርማሲስት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንለያይም። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ስጮህ እሱ ማኪያቶውን እያማሰለ «እሺ፣ ቀጥል» ይላል። በሕይወቴ እንደዚህች «እሺ፣ ቀጥል» ያናደደኝ ነገር የለም።

የራፐሮቹን ስም ጠርተን አናውቅም። እኔ የምደግፈው «የኔ ሰውዬ» ነው፤ እሱ የሚደግፈው «ያንተ ሰውዬ»። ፒያሳ ያለው ካፌ ውስጥ ጎናችን የሚቀመጡ ሰዎች ስለ ዘመዶቻችን የምናወራ ይመስላቸዋል። አንዴ «ያንተ ሰውዬማ ከሁለተኛው በኋላ አልቆለታል» ስል የሰማችኝ አስተናጋጅ፣ ሒሳብ ልትቀበለኝ ስትመጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰውዬውን ግን ሐኪም አየው?» ብላ ጠይቃኛለች።

የኔን ሰውዬ አልበም ያገኘሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ፒያሳ ከነበረ አንድ ሲዲ ቤት አስቀድቼ ነው። ሁለት ባዶ ሲዲ ላይ ተቀዳልኝ፤ ባንዱ ላይ በማርከር «1»፣ በሌላው ላይ «2» ተጻፈበት፤ የዘፈን ርዕስ የሚባል ነገር አልነበረውም። ክረምቱን ሙሉ እሱን ብቻ ሰማሁ። ያኔ እንግሊዝኛዬ ከአራት ቃል አንዱን ቢይዝ ነው፤ ሦስቱን ከራሴ እሞላ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህል የወደድኩት ግማሹን እኔው ስለደረስኩት ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ከዚያው ሲዲ ቤት የእሱን ሰውዬ ደብል አልበም አስቀዳ። «ስማውማ» ብሎ ሲያቀብለኝ «ጊዮርጊስን! ጆሮዬን አላስነካውም!» ብዬ ማልኩ። ለምን እንደማልኩ እኔም አላውቅም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለመማል ምክንያት አይፈልግም። የሚገርመው መጽናቴ ነው። የረቡዕና የዓርብን ጾም ጨጓራዬን እያሳበብኩ ስንቴ አፍርሻለሁ፤ ይህችን ግን አላፈረስኳትም። ሚኒባስ ውስጥ አብረውኝ ያሉ ልጆች የእሱ ሰውዬ ተከፈተ ብለው ሲጠቁሙኝ «ወራጅ አለ» ብዬ ጠዳ ሳልደርስ አዘዞ ላይ የወረድኩበት ቀን አለ።

መሐላው ያልሰማሁትን አልበም ከመንቀፍ ግን አልከለከለኝም። «ያንተ ሰውዬ ሁለት ሲዲ ሞላ እንጂ ሁለት ሲዲ አልሠራም» እል ነበር። አነጋገሬ በጣም ስለሚጥመኝ በየወሩ እደግመዋለሁ። ጓደኛዬ በበኩሉ የእሱ አልበም ገለባ የለውም፣ አንድ ዘፈን ብታወጣበት ሌላው ይጎድላል ባይ ነው። ሦስተኛ ጓደኛ አለን፤ ባንክ ነው የሚሠራው። እሱ ሁለታችንንም አይደግፍም። በእሱ እምነት በዓለም ላይ አንድ ቢሆን የማይሻለው ደብል አልበም የለም፤ ከሁለቱ ሲዲ የተሻለውን መርጦ አንድ ማድረግ፣ የቀረውን መጣል። ቤቱን የሚያስተዳድረውም በዚሁ ነው መሰል፣ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትርፍ ወንበር የለም።

የኔ ክርክር ሁሉ የሚያርፈው በሁለተኛው ሲዲ መጨረሻ ባሉት አምስት ዘፈኖች ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ የኔ ሰውዬ ድምፁ ይለወጣል። ወፍራሙ ይቀጥናል፣ ይጎተት የነበረው ይፈጥናል፣ ከበሮው እንኳ ሌላ ይሆናል። ይህን አንድ ተራ ሰው ቢሰማ «ምን ሆነ?» ይላል። እኔ ግን ትንታኔ ሠራሁለት። እስከዚያ ድረስ የምንሰማው ዓለም የሚያየው ሰው ነው፤ በአምስቱ ዘፈኖች የሚናገረው ግን ብቻውን አምላኩ ፊት የቆመው ሰው ነው አልኩ። አንድ ሰው በአንድ አልበም ሁለት ሰው መሆን ከቻለ ለደብል አልበም ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት አለ? ይህን ካፌ ውስጥ ብቻ ብናገር ጥሩ ነበር። ክፍል ውስጥም፣ ለጥሩ ማስረጃ ምሳሌ ብዬ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ።

ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ማረጋገጥ ለተጠራጠረ ሰው ነው። እኔ የያዝኩትን ይዤ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ አሻገርኩት። ኔትወርክ ጠፍቶ በሰነበተባቸው ወራት ሌላው ሰው በሙዚቃ ረሃብ ሲንገላታ እኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ እኮራ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ማኪያቶውን ማማሰሉን ትቶ አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። ሚስቱ ቀድማ ሄዳለች፤ እሱም በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። እንኳን ደስ ያለህ ማለት ሲገባኝ «ክርክሩስ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፈርቼ ነበር። አላገባሁም፤ ቅዳሜ ማለት ለእኔ ያ ወንበርና እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ከክርክራችን ውጭ ምን አውርተን እንደምናውቅ ባስብ አንድም ነገር ትዝ አልል አለኝ። አዲስ አበባ ገብቶ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይደውላል፤ ቆይቶ በዓመት በዓል «እንኳን አደረሰህ» እንባባላለን፤ በቃ። ይህ በግልጽ ታየኝ።

ይህን ፍርሃቴን ብነግረው ይሻል ነበር። እኔ ግን ሎጂክ አስተማሪ ነኝና ሌላ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፦ ከመሄዱ በፊት መርታት አለብኝ። ሁሉም ነገር ከቀረ ቢያንስ «ተረትቻለሁ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ሰምቼ ልቅር አልኩ።

የባንኩ ሰው ዳኛ እንዲሆን ተስማማን። ሁለታችንንም ስለሚንቅ ከእሱ የተሻለ ገለልተኛ አይገኝም። እሱም ደንብ አወጣ። ሁለቱም አልበሞች በወጡበት ተራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማሉ፤ የሚሰሙትም እሱ ራሱ ከኢንተርኔት ባወረደው ነው። «የማንም የቤት ቅጂ አይገባም» አለ። ለመሐላዬም መፍትሔ አበጀለት። «ለፍርድ ሲባል ፈትቼሃለሁ» አለኝ፣ ቄስ እንደሆነ ሁሉ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ በዳኛው አሮጌ መኪና ወደ ኮሶዬ ወጣን። እዚያ በደባርቅ መንገድ ዳር የምናውቀው ምግብ ቤት አለ። ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ጋቢ ይዤ ነበር። ድምጽ ማጉያውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥን፤ ዳኛው መሐል ተቀመጠ፤ እኔ በቀኝ፣ ጓደኛዬ በግራ ቆምን። የድሮ ሰዎች ችሎት ፊት እንደሚቆሙት ጋቢዬን አደገደግኩ። ዋስ ጥሩ ተባልን፤ አንዳችን ለአንዳችን ዋስ ሆንን፤ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ለገበያ ወጥተው ለምሳ የተቀመጡ ገበሬዎች ነገሩን አይተው ወንበራቸውን አዞሩ። ሰው አደግድጎ ሲሟገት ካዩ ምሳቸውን ትተው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው ልጆቼ፣ በሰላም ብትበሉ አይሻልም?» አለች። አንድ ትልቅ ሰው ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው ዳኛውን ጠየቁት።

«የወሰን ነው?»

«የአልበም ነው፣ አያ» አለ ዳኛው። «የዘፈን። ሁለቱም ባለ ሁለት ናቸው፤ የቱ ይበልጣል ነው።»

«ባለ ሁለት?» አሉ ሰውዬው አሰብ አድርገው። «ምነው? ሸጋ ከሆነ ባንዱ ጨርሶ አይገባም?»

«የኔም ጥያቄ ይኸው ነው!» ብሎ ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ። ገለልተኛነቱ እዚያው ላይ አበቃ ብዬ ተቃወምኩ፤ ተቃውሞዬ ተመዘገበልኝ።

ቀጥዬ ሙግቴን አሰማሁ። እንደዚያን ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ደብል አልበም እንደ ጋቢ ነው፣ መደረቡ ለጌጥ ሳይሆን ለብርድ ነው አልኩ፤ ጋቢዬንም አሳየሁ። አምስቱን ዘፈኖች አንድ በአንድ ተነተንኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ ራፐሩ ከሞተ አባቱ ጋር የሚያወራበት ነው፤ አባቴ ያረፈ ጊዜ በለቅሶው ሰሞን እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በመጨረሻም ጣቴን ወደ ጓደኛዬ ቀስሬ «ያንተ ሰውዬ መቶ ዓመት ቢኖር ከእነዚህ ከአምስቱ አንዷን መሥራት ይችላል? ይችላል ወይ?» አልኩ። ገበሬዎቹ «አይችልም!» አሉልኝ። ጓደኛዬ አቀርቅሮ «እሺ፣ ቀጥል» አለ።

የኔ ሰውዬ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሲዲ አለቀ፤ ሁለተኛው ገባ። አምስቱ ዘፈኖች ሊመጡ ሲሉ ተነሥቼ «አሁን! ዝም በሉ!» አልኩ። ሁሉም ዝም አለ፤ ድምጽ ማጉያውም ዝም አለ።

«አልቋል» አለ ዳኛው ስልኩን እያየ።

«አላለቀም።»

«አልቋል እልሃለሁ። መጨረሻው ነው።»

ያልወቀስኩት ነገር አልነበረም። ኔትወርኩ ቆርጦታል አልኩ፤ ስልኩ ርካሽ ነው አልኩ፤ ባንኮች እንኳን ዘፈን ብርም አጉድለው ነው የሚሰጡ አልኩ። ዳኛው ጥብስ አስመጥቶ አፋችንን አስያዘን። ጓደኛዬ ያን ቀን አንድም ጊዜ አልቀለደብኝም። ብልህ ብሆን ኖሮ ይህ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ የእሱ ሰውዬ ተከፈተ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቴን አጨፍግጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሲዲ፣ ለጠላት አይናገሩትም እንጂ፣ ክፉ አልነበረም። ሁለተኛው ሲዲ ገባ። ጥቂት ከሄደ በኋላ እግሬ መሬቱን መምታት ጀመረ። እግሬን አየሁት፤ እግሬ ዘፈኑን ያውቀዋል። ከዚያ አፌም አወቀው፤ ቃል በቃል፣ ከራሴ የሞላኋቸውን ሦስት እጅ ጨምሮ፣ አብሬ እያልኩ ነበር። የመጀመሪያዋ ዘፈኔ ናት። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ከአባቱ ጋር የሚያወራው። አምስቱም በያዝኩት ቅጂ ላይ ባሉበት ቅደም ተከተል መጡ።

«ሰረቀው!» ብዬ ተነሣሁ። «ያንተ ሰውዬ የኔን ሰውዬ ዘፈን ሰረቀ!»

ማስረጃው ሁሉ እፊቴ ተዘርግቶ እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ይህ ነበር። ዳኛው ሳቁ ሲለቀው ዓይኑን እየጠረገ «ሲዲ ቤቱ!» አለ። «ሰውዬው ባዶ ቦታ አይወድም ነበር እኮ!» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ሰው ሲዲ ላይ ቦታ ሲተርፍ ነገር እንደማባከን ይቆጥረውና ከፊቱ ካለው ከማንም ላይ ቀንሶ ይመርቅልህ ነበር። አክስቴ ከእሱ ያስቀዳችው የመዝሙር ሲዲ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ወደ እስክስታ ይገባል፤ በዐቢይ ጾም እንግዶቿ ፊት አዋርዷታል። ስንት ዓመት ስስቅባት ኖሬያለሁ። የራሴን ሲዲ ግን ለአፍታም አልጠረጠርኩትም። «አምላኩ ፊት የቆመው ሰው» ብዬ የተነተንኩት፣ ለካ ሲዲ ቤቱ የመረቀልኝ የባላንጣዬ ዘፈን ነው።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ሁሉም ይስቃል፤ እሱ አይስቅም። ያልደነገጠም እሱ ብቻ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባትህ ያረፉ ጊዜ» አለ። «እስከዚያ ሲዲህን አስነክተኸኝ አታውቅም። ለቅሶ ላይ ጎንህ ተቀምጬ ሳለ ባንዱ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰካህልኝ። ‹ስማ፣ ያንተ ሰውዬ እንዲህ ይችላል?› አልከኝ። እንባህ እየወረደ። ምን ልበልህ? ‹የኔው ነው› ልበልህ?»

«ከዚያ ወዲህስ? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ከዚያ ወዲህማ ደስ እያለኝ ነዋ» አለ፤ አሁን ገና ፈገግ አለ። «የኔን ሰውዬ እንዳንተ የሚያሞግስልኝ ከየት አባቴ ላመጣ? እኔ እንኳ እንደዚያ አልችልም። በየቅዳሜው መጥቼ ቁጭ ብዬ እሰማህ ነበር እንጂ እኔ መቼ ተከራክሬህ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። «እሺ፣ ቀጥል» ነበር የሚለኝ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን አሰማ። ተከራካሪው በገዛ አፉ፣ በሕዝብ ፊት፣ እንባ ቀረሽ ሆኖ የመሰከረው ለባላጋራው ስለሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም አለ። «ያንተ ሰውዬ ረትቷል» አለው ለጓደኛዬ። ለእኔ ደግሞ «በል፣ ቃሏን በላት» አለኝ። ጋቢዬን እንደገና አደግድጌ፣ እጅ ነስቼ፣ «ተረትቻለሁ» አልኩ። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። ዱላ የያዙት ሰውዬ «ሸጋ ሙግት ነበር» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

መረታቴ አላሳፈረኝም። ክርክራችን ግን ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አለቀ። የቀረ የሚያከራክር ነገር የለም፤ እሱም ማክሰኞ ይሄዳል። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት የፈራሁትን ነገር በገዛ እጄ ለመፈጸም ነበር። ጥብሱ የቀረበት መጥበሻ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ጓደኛዬ ጋቢ አልያዘም። ጃኬቱን አውልቆ በዚያ ብርድ እጅጌዎቹን ወገቡ ላይ አሰረና ዳኛው ፊት ቆመ።

«ፍርዱን አልቀበልም» አለ። «ይግባኝ እላለሁ።»

«አንተ እኮ ነህ የረታኸው!» አለ ዳኛው።

«ብረታም።» ድምፁ እንደወትሮው የረጋ ነበር፤ ወደ እኔ ግን አላየም። «የሁለተኛው ሲዲ አጀማመር በደንብ አልታየልኝም። ይግባኝ ደግሞ እዚህ አይታይም፣ አዲስ አበባ ነው የሚታየው። ቀጠሮ ይያዝልኝ። ከዚያ በኋላም እንደነገሩ ሁኔታ ይቀጠራል።»

ዳኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሳይስቅ ወደ እኔ ዞረ።

«መልስ ሰጪ በቀጠሮው ቀን ይቀርባል?»

የላላውን ጋቢዬን አጥብቄ አደገደግኩ።

«ይቀርባል» አልኩ።